ዛንቴት ወርቅን በምን ይይዘዋል? መጠኑ ሲጨመርስ ሪከቨሪው ለምን ባለበት ይቆማል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። በቶን 5 ግራም ወርቅና 3 በመቶ ገደማ ፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) የያዘ ማዕድን በፍሎቴሽን፣ ማለትም የተፈጨውን ማዕድን በአየር አረፋ እያንሳፈፉ በመለየት ዘዴ፣ እየተሞከረ ነው። ከወርቁ ከፊሉ ነጻ ነው፣ ከፊሉ ፓይራይት ውስጥ ነው። ፒኤቹ በኖራ 10.5 ላይ ተይዟል። ኮሌክተሩ፣ ማለትም ቅንጣቱ አረፋ ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ፖታሲየም አሚል ዛንቴት፣ በተለምዶ ፓክስ የሚባለው ነው። በቶን ከ50 ግራም ወደ 120 ግራም ከፍ ሲደረግ የኮንሰንትሬቱ (ተንሳፎ የተሰበሰበው ክፍል) ክብደት ጨመረ፤ የወርቁ ሪከቨሪ (ከማዕድኑ ወርቅ የተገኘው ድርሻ) ግን ፈቀቅ አላለም። ጠያቂው ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፦ ከምንም ጋር አይዋሃድም የሚባለውን ወርቅ ኬሚካሉ በምን ይይዘዋል? መጠኑ ሲጨምርስ ሪከቨሪው ለምን አልተንቀሳቀሰም?

መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን ልናገር። የጎደለዎት ኮሌክተር አይደለም። ዛንቴቱ በበቂ ሁኔታ አለ፤ የሚያርፍበት ገጽ ነው ያልተዘጋጀው። ወርቁን ወይ ኖራው ሸፍኖታል፣ ወይ ከወፍጮው የወጣ የብረት ዝገት ለብሶታል፣ ወይ ፐልፑ (የተፈጨው ማዕድንና የውሃው ድብልቅ) ውስጥ ኦክስጅን የለም፤ አለዚያም ከወርቁ የተወሰነው አረፋ ሊያነሳው የማይችል ትልቅ ቅንጣት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኖራው ነው። የትኛው እንደሆነ በጥቂት ሙከራዎች መለየት ይቻላል፤ ሙከራዎቹ ትርጉም የሚኖራቸው ግን አያያዙ እንዴት እንደሚከናወን ከታወቀ ነው።

ወርቅ ከምንም ጋር አይዋሃድም የሚባለው አየርና ውሃ ስለማይበግሩት ነው። ለሰልፈር ግን እጁን ይሰጣል። ዛንቴት አንደኛው ጫፉ ላይ ሁለት የሰልፈር አተሞች ያሉት፣ ሌላው ጫፉ የካርበንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል ነው። በኢታይል ዛንቴት ሰንሰለቱ ሁለት ካርበን፣ በፓክስ ደግሞ አምስት ካርበን አለው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፖታሲየሙ ይለይና ዛንቴቱ አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀራል። በሰልፈሩ በኩል ወርቁን ይይዛል፤ ሰንሰለቱ ወደ ውጭ ይዞራል። ሰንሰለቱ ከውሃ ጋር ስለማይስማማ ቅንጣቱን ውሃ በቀላሉ አያርሰውም፤ የአየር አረፋ ሲነካው ይለጠፍበታል። በኢታይል ዛንቴት የተሸፈነ ገጽ ከአረፋ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ማዕዘኑም ይሰፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ፍጹም ንጹሕ የሆነ ወርቅ ውሃ አይጠላም፤ ውሃው ገጹ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ነገር ግን ወርቅ ከአየርም ከውሃም የሚያገኘውን ቅባት ነክ ነገር በፍጥነት ስለሚለብስ ወዲያው ውሃ የሚጠላ ይመስላል። ከመሬት የወጣ ወርቅ ያለ ኮሌክተር፣ በፍሮዘር (አረፋ አጽኚ ኬሚካል) ብቻ ሲንሳፈፍ የሚታየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ውጤት አንድ ቀን ኖሮ በማግስቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ አይመኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዛንቴት ወርቅ ላይ የሚቀመጠው ኤሌክትሮን በመስጠት ነው። ሂደቱ ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ አንድ የዛንቴት አዮን ኤሌክትሮኑን ለወርቁ ይለቅና ሰልፈሩ ከወርቁ አተም ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ይህ አንድ ሞለኪውል ያህል ውፍረት ያለው ስስ ንብርብር ነው። ቀጥሎ፣ የገጹ ፖቴንሻል (በቮልት የሚለካው ኤሌክትሮን የመሳብ አቅሙ) ከፍ ሲል፣ ሁለት ዛንቴቶች ሁለት ኤሌክትሮን ጥለው እርስ በርስ ይጣመሩና ዳይዛንቶጅን የሚባል፣ ቻርጅ የሌለው፣ ዘይት መሰል ነገር ይሆናሉ። ዳይዛንቶጅኑ በመጀመሪያው ንብርብር ላይ ይቀመጣል። ቅንጣቱን አጥብቆ ውሃ እንዲጠላ የሚያደርገው የሁለቱ ድምር ነው። ተመራማሪው ሮናልድ ዉድስ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት በሆነው ሲኤስአይአርኦ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1971 በወርቅ፣ በፕላቲነም፣ በመዳብና በጋሊና (የእርሳስ ሰልፋይድ ማዕድን) ኤሌክትሮዶች ላይ የዛንቴትን ኦክሲዴሽን መርምሮ ካሳተመ በኋላ ይህ አካሄድ የዘርፉ መሠረት ሆኗል።

የተለቀቀው ኤሌክትሮን የሚቀበለው ካላገኘ ሂደቱ ይቆማል። የሚቀበለው ፐልፑ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው። ወርቅም ፓይራይትም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ፣ በቅንጣቱ አንድ ጎን ዛንቴት ኤሌክትሮን ሲሰጥ በሌላው ጎን ኦክስጅን ተቀብሎ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህ ኦክስጅን ራሱ እንደ ዛንቴቱ አንድ ሪኤጀንት (ለሂደቱ የሚያስፈልግ ኬሚካል) ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ዛንቴቱን በሚሊግራም እየለኩ ኦክስጅኑን ጨርሶ አለመለካታቸው በጣም የሚያሳዝን ልማድ ነው።

ፓይራይትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አሊሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራ፣ በኢታይል ዛንቴት ሟሟት ውስጥ በፒኤች 7 ፓይራይት የሚይዘው ፖቴንሻል 0.22 ቮልት፣ ዳይዛንቶጅን ለመፈጠር የሚያስፈልገው ደግሞ 0.13 ቮልት ነበር። ፓይራይቱ ከመስፈርቱ በላይ ስለሆነ ገጹ ላይ የተገኘው ዳይዛንቶጅን ነው። ጋሊና በ0.06 ቮልት ከመስፈርቱ በታች ስለሆነ ዳይዛንቶጅን ሳይሆን ሊድ ዛንቴት ተገኘበት። አርሰኖፓይራይት (አርሰኒክ ያለበት የብረት ሰልፋይድ) እንደ ፓይራይት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የእርስዎን ሙከራ እንዴት እንደሚያስረዱ እንይ። ፐልፑ 30 በመቶ ጠጣር ከሆነ ለአንድ ቶን ማዕድን 2.33 ቶን ውሃ አለ። 50 ግራም ፓክስ በዚያ ውሃ ውስጥ በሊትር 21 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። በዚህ መጠን አሚል ዛንቴት ዳይዛንቶጅን እንዲሆን የሚያስፈልገው ፖቴንሻል በሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ሚዛን 80 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። የዛንቴቱ መጠን አሥር እጥፍ ሲያድግ መስፈርቱ በ59 ሚሊቮልት ዝቅ ይላል። ከ50 ወደ 120 ግራም ሲሄዱ ያተረፉት እንግዲህ 22 ሚሊቮልት ብቻ ነው። በሌላ በኩል የኦክስጅን ኤሌክትሮን የመሳብ አቅም ፒኤች በአንድ በጨመረ ቁጥር በ59 ሚሊቮልት ይቀንሳል፤ የዳይዛንቶጅን መስፈርት ግን ከፒኤች ጋር አይንቀሳቀስም። በፒኤች 8.5 ፈንታ በ10.5 በመሥራትዎ 118 ሚሊቮልት ከሰሩ ማለት ነው። በአንድ እጅ 22 ተቀብለው በሌላው 118 ከፍለዋል።

የገጽ ስፋቱን ስሌት ደግሞ ይመልከቱት። አንድ የዛንቴት ሞለኪውል ቆሞ የሚይዘው ቦታ 0.29 ስኩዌር ናኖሜትር ገደማ ነው። በቶን 5 ግራም ያለው ወርቅ ሁሉም ባለ 20 ማይክሮን ድብልብል ቅንጣት ነው ብንል፣ ጠቅላላ ገጹ 0.08 ስኩዌር ሜትር አይሞላም። 30 ኪሎ ፓይራይት በ40 ማይክሮን ቢቆጠር 900 ስኩዌር ሜትር ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ንብርብር ለመሸፈን አንድ ግራም ያህል ፓክስ ይበቃል። ገጹ ሸካራ ስለሆነና ደቃቁ ስለሚበዛ አምስት እጥፍ ብናደርገው እንኳ 5 ግራም ነው። ለወርቁ ብቻ የሚያስፈልገው ደግሞ ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው። 120 ግራም ጨምሮ ወርቁ ካልተነሳ፣ ችግሩ ከዛንቴት እጥረት መጣ ማለት አይቻልም።

ታዲያ 50 ግራሙ የት ይሄዳል? የተወሰነው ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ያ መቅረት አለበት፣ ምክንያቱም ፖቴንሻሉን የሚወስነው ውሃው ውስጥ ያለው መጠን ነው። የተወሰነውን ከማዕድኑ የሟሟ መዳብ፣ እርሳስና ብረት ይበላዋል። የቀረው ፓይራይት ላይ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ ከፊሉም ከፓይራይት ጋር የተጣበቀውን ድንጋይ አብሮ ያነሳል። የኮንሰንትሬትዎ ክብደት የጨመረው ለዚህ ነው።

ወደ ኖራው ልመለስ። ኖራ ፒኤች ከማውጣት አልፎ ካልሲየም ያመጣል። በከፍተኛ ፒኤች የወርቅ ገጽ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ካልሲየሙን ይስባል፤ ካልሲየሙ ዛንቴቱ ሊይዝ የነበረውን ቦታ ይዞ ውሃ ይሰበስባል። ነጻ ወርቅ በኖራ እንደሚጨቆን በፍሎቴሽን ሥራ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። ፓይራይት ላይ ደግሞ ካልሲየምና ብረት ሃይድሮክሳይድ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ በመዳብ ፋብሪካዎች ፓይራይትን ለማስቀረት ኖራ ሆን ተብሎ የሚጨመረው ለዚሁ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ፓይራይቱንም ወርቁንም ማንሳት ሆኖ ሳለ፣ የሚጠቀሙት ሁለቱንም ለማስቀረት የሚያገለግል ነገር ነው። መዳብን ከፓይራይት የመለየት ግዴታ ከሌለብዎ ኖራውን ይተዉትና በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ፒኤች 8.5 ላይ ይሥሩ። ሶዳ አሽ ካልሲየሙን ካርቦኔት አድርጎ ከውሃው ያወጣዋል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ድርብ ነው። ማዕድኑ አሲድ የማያወጣ ከሆነ በተፈጥሮ ፒኤቹ መሞከርም ይገባል።

ሁለተኛው ወፍጮው ነው። በብረት ኳስ ሲፈጭ ብረቱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ከወፍጮ የወጣ ፐልፕ የሟሟ ኦክስጅኑ በሊትር ከአንድ ሚሊግራም በታች፣ ፖቴንሻሉም ከዜሮ በታች ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዚያ ሁኔታ ዛንቴት ቢጨምሩ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው የለም። ከኳሱ የተፋቀው ብረት ደግሞ ቆይቶ ዝገት ይሆንና ወርቁን ይለብሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፐልፑ የፍሎቴሽን ሴሉ (ማንሳፈፊያው ገንዳ) ውስጥ ከገባ በኋላ ያለ ኮሌክተርና ያለ ፍሮዘር ለአሥር ደቂቃ አየር ይንፉበት፤ ኦክስጅኑ ከፍ ሲል ብቻ ዛንቴቱን ይጨምሩ። ከፍታዎን አይርሱ። ባሕር ጠለል ላይ በ25 ዲግሪ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ሙሉ ሲሆንም 6.2 አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ላለ ላቦራቶሪ 5 ሚሊግራም ጥሩ ግብ ነው።

የፖቴንሻል መለኪያ ሲያነቡ ሚዛኑን ይጠብቁ። አብዛኛው ኤሌክትሮድ የብር ክሎራይድ ማነጻጸሪያ ስላለው፣ ወደ ሃይድሮጅን ሚዛን ለመቀየር 200 ሚሊቮልት ገደማ ይደመርበታል። መለኪያዎ ኔጋቲቭ 120 ቢያሳይ በሃይድሮጅን ሚዛን 80 ነው፤ ማለትም ከላይ ያየነው የፓክስ መስፈርት ጫፍ ላይ ነዎት። ከዚያ 50 እስከ 100 ሚሊቮልት ከፍ ብሎ መሥራት ይሻላል። የፕላቲነሙ ጫፍ ዛንቴትና ሰልፋይድ ስለሚለብስ በየቀኑ በደቃቅ አሉሚና ይወልውሉት፤ የቆሸሸ ኤሌክትሮድ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ቁጥር እየሰጠ ያሳስታል።

ብር የተቀላቀለበት ወርቅ ሌላ ጠባይ አለው። ንጹሕ ብር ዛንቴትን የሚይዘው ወርቅ ከሚይዝበት በጣም ዝቅ ባለ ፖቴንሻል ነው፤ የሚፈጠረው ሲልቨር ዛንቴትም ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወርቁ ውስጥ ብር ሲኖር ቅንጣቱ ኦክስጅን ባነሰበት ፐልፕም ቢሆን የተሻለ ይይዛል። መሬት ላይ ለረጅም ዘመን የቆየ ወርቅ ጠርዙ ላይ ያለው ብር ታጥቦ ስለሚወጣ፣ አሴዩ (የብረቱን ይዘት የሚለካው ምርመራ) ብር እያሳየም ገጹ ይህን እገዛ ሊያጣ ይችላል። ፕላቲነም ላይ ዛንቴት ዳይዛንቶጅን ይሆናል፤ በደቡብ አፍሪካ ቡሽቬልድ የፕላቲነም ማዕድናት በዛንቴት የሚነሱ ቢሆንም እዚያ ወሳኙ አብሯቸው ያለው የኒኬልና የመዳብ ሰልፋይድ ነው።

ፓክስን ብቻ ከመጨመር ይልቅ የተሻለው መንገድ ዳይቲዮፎስፌት የሚባል ሌላ ኮሌክተር ማከል ነው። እሱም በሰልፈር ነው የሚይዘው፤ ነገር ግን ወደ ጥምር ሞለኪውል ለመለወጥ ከዛንቴት ብዙ ከፍ ያለ ፖቴንሻል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፓይራይት ላይ ደካማ ነው። ወርቅና ብር ላይ ግን በቀጥታ በኬሚካል ይተሳሰራል። ለነጻ ወርቅ የታወቀው ኤሮፍሎት 208 የዚህ ወገን ነው። በቶን ከ15 እስከ 20 ግራም ዳይቲዮፎስፌት ከ30 ግራም ፓክስ ጋር፣ ከ120 ግራም ፓክስ የበለጠ ይሠራል ብዬ እጠብቃለሁ። ብር ለሚበዛበት ደግሞ ኤሮፋይን 3418ኤ የሚባለው ዳይቲዮፎስፊኔት መሞከር ያለበት ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ኮፐር ሰልፌት አርሰኖፓይራይትን ለማነቃቃት ጥሩ ነው፤ ለንጹሕ ፓይራይት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከጨመሩት ከዛንቴቱ አምስት ደቂቃ አስቀድመው ይጨምሩት። መዳቡ ገጹ ላይ ሳያርፍ ከዛንቴት ጋር ከተገናኘ ሁለቱም ቢጫ ዝቃጭ ሆነው ይጠፋሉ። አንድ የመዳብ አዮን ሁለት ዛንቴት ይበላል፤ በዚህ ስሌት 100 ግራም ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌት እስከ 162 ግራም ፓክስ ሊያጠፋ ይችላል። አንዳንድ ፋብሪካ ዛንቴት አልበቃ የሚለው መዳቡንና ዛንቴቱን አንድ ገንዳ ላይ ስለሚያፈስ ነው። ሶዲየም ሰልፋይድም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የዛገ ሰልፋይድን ሊያነቃ ቢችልም ሰልፋይድ አዮኑ ራሱ ወርቁን ከዛንቴት ቀድሞ ይይዘዋል፣ ኦክስጅኑንም ይጨርሰዋል። ሳያናይድ (ወርቅ የሚያሟሟ ኬሚካል) ያለበት ተመላሽ ውሃ ፍሎቴሽን ውስጥ ጨርሶ አይግባ።

ትልቅ ቅንጣትን በተመለከተ ኬሚስትሪው ምንም ሊረዳ አይችልም። ውሃ ውስጥ ባለ 300 ማይክሮን ድብልብል ወርቅ 0.26 ሚሊግራም ይመዝናል። አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያለው አረፋ የሚያነሳው 0.52 ሚሊግራም ነው። ወርቁ የአረፋውን አቅም ግማሽ ወስዷል፤ በሮተሩ (የሴሉ ማማሰያ) ንውጽውጽታ ውስጥ ወዲያው ይላቀቃል። 100 ማይክሮን ላይ ክብደቱ 27 እጥፍ ይቀንሳል፤ እዚያ ችግር የለም። ጠፍጣፋ ቅንጣት ከድብልብል የተሻለ ይነሳል። ከ150 ማይክሮን በላይ ነጻ ወርቅ ካለ ከፍሎቴሽኑ በፊት፣ በወፍጮው ዑደት ውስጥ፣ ኔልሰን ወይም ፋልከን በመሰለ የግራቪቲ ማሽን መውጣት አለበት።

አሁን ምርመራው። አሁን ካለዎት ቴይሊንግ (ሳይንሳፈፍ የቀረው ክፍል) ይጀምሩ፤ አዲስ ሙከራ ሳያደርጉ ግማሹን መልስ ይሰጥዎታል። ቴይሊንጉን በ150፣ በ75 እና በ38 ማይክሮን ወንፊት ለይተው እያንዳንዱን ለወርቅ ያስመርምሩ። ቀጥሎ ከዚያው ቴይሊንግ 500 ግራም ወስደው በጠርሙስ እያንከባለሉ ለ24 ሰዓት በሳያናይድ ይሞክሩት። ወርቁ ከሟሟ ገጹ የተጋለጠ ነው፤ ያልተነሳው ስለተሸፈነ ወይም ስለከበደ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ወንፊቱ ይነግርዎታል። ካልሟሟ ድንጋይ ውስጥ የታሰረ ነውና ወደ መፍጨት እንጂ ወደ ኬሚካል አይሂዱ።

ዛንቴት መቅረት አለመቅረቱን ለማወቅ ከፍሎቴሽኑ ማብቂያ ላይ ጥቂት ፐልፕ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያጣሩና በኳርትዝ ኩቬት (የናሙና መያዣ) 301 ናኖሜትር ላይ በዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙናው የሚመጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ያንብቡ። ዛንቴት እዚያ ላይ ብርሃንን በኃይል ይመጥጣል፤ በአንድ ሴንቲሜትር ኩቬት 0.175 ንባብ በሊትር 2 ሚሊግራም ፓክስ ገደማ ነው። መስፈሪያውን በራስዎ ፓክስ፣ ፒኤች 9 በሆነ ውሃ ያዘጋጁ። በቶን 50 ግራም ጨምረው መጨረሻ ላይ ከ2 ሚሊግራም በላይ ካገኙ፣ ስለ ኮሌክተር መጠን የሚደረገው ክርክር እዚያው ያበቃል።

ከዚያ ሁለት ሙከራ ጎን ለጎን፦ አንዱ አሁን እንዳለው በኖራ፣ ሌላው እንደሚከተለው። አንድ ኪሎ ማዕድን ከአንድ ግራም ሶዳ አሽ ጋር 80 በመቶው ከ75 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይፍጩ። 2.33 ሊትር ውሃ ሲኖረው ፐልፑ 2.7 ሊትር ይሆናል። ፒኤቹ ከ8.5 እስከ 9 መሆኑን ያረጋግጡ። ለአሥር ደቂቃ አየር ነፍተው ኦክስጅንና ፖቴንሻል ይመዝግቡ። ከዚያ አንድ በመቶ ከሆነ የፓክስ ሟሟት 3 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ ይህ በቶን 30 ግራም ነው። ከአንድ በመቶ ዳይቲዮፎስፌት 2 ሚሊ ሊትር ያስከትሉ፤ ሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ፍሮዘሩ ኤምአይቢሲ ነው፤ በቶን 15 ግራም ማለት በማይክሮ ፒፔት 19 ማይክሮሊትር ነው፤ በጠብታ አይቁጠሩ፣ ጠብታ ከእጅ እጅ ይለያያል። አየሩን ከፍተው ኮንሰንትሬቱን በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ደቂቃ ለየብቻ ይሰብስቡ፤ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ተጨማሪ 1 ሚሊ ሊትር ፓክስ ይስጡት። ኮፐር ሰልፌት በመጀመሪያው ሙከራ አይግባ፤ ሥዕሉን ያደበዝዛል።

ወርቁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ፈጥኖ ከወጣ ገጹ ተከፍቷል ማለት ነው። የሁለቱ ሙከራ የመጨረሻ ሪከቨሪ ተመሳሳይ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ከተለያየ ኖራው የሚያዘገይ እንጂ የሚከለክል አልነበረም። በሶዳ አሽና በአየርም ካልተሻሻለ ወደ ዝገት ልባሱ ይሂዱ፦ ፐልፑን በ65 በመቶ ጠጣር ለአሥር ደቂቃ በኃይል አማስለው ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያፋትጉ፤ ደቃቁን አጥበው ከአፈሰሱ በኋላ ያንሳፍፉ። የፈሰሰውን ደቃቅም ለወርቅ ማስመርመር እንዳይረሳ። ሸክላ የሚበዛበት ማዕድን ከሆነ በቶን 300 ግራም ሶዲየም ሲሊኬት ደቃቁን ከወርቁ ገጽ ይበትነዋል።

ነጻ ወርቅ ባለበት ማዕድን አሴይ ራሱ ይዋዥቃል። አንድ 50 ግራም ናሙና ውስጥ አንድ ትልቅ ቅንጣት መግባቱ ወይም አለመግባቱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ናሙናውን በ106 ማይክሮን ወንፊት ለይቶ የላይኛውን በሙሉ በፋየር አሴይ (በእሳት አቅልጦ በሚደረግ ምርመራ) ማስመርመር ይሻላል፤ እያንዳንዱን ሙከራም ሦስት ጊዜ ይድገሙ። የሁለት በመቶ ልዩነት አይተው አዲስ ኮሌክተር አይግዙ።

ስለ ፓክሱ አያያዝም ልጨምር። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው፣ ይልቁንም አሲድ ሲነካው፣ ፈርሶ ካርበን ዳይሰልፋይድ ያወጣል፤ ትነቱ መርዛማና እጅግ ተቀጣጣይ ነው፣ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይከማቻል። በርሜሉን በደረቅና ነፋሻ ቦታ ያስቀምጡ፤ ሲከፍቱ የእሳት ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ አይጠቀሙ። ሟሟቱን ፒኤቹ 10 አካባቢ በሆነ ውሃ በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ። ያረጀ ፓክስ ብዙ ጊዜ ሽታው ይበረታል፣ ሲሟሟም ደመናማ ይሆናል፤ በዚያ የተሠራ ሙከራ ስለ ማዕድኑ ምንም አይነግርም።

ኮንሰንትሬቱ በኋላ ወደ ሳያናይድ የሚሄድ ከሆነ የቀረው ኮሌክተር እዚያም ይከተላል፤ የወርቁን ገጽ ሸፍኖ መሟሟቱን ያዘገያል፣ የሟሟውን ወርቅ የሚይዘውን አክቲቬትድ ካርበንም ያቆሽሻል። ከ120 ወደ 40 ግራም መውረድ ለዚህም ይጠቅማል። ከሳያናይዱ በፊት ቲክነር (ጠጣሩን አዝቅጦ ውሃውን የሚለይ ገንዳ) ላይ ውሃውን ይለዩና ወደ ፍሎቴሽን ይመልሱት፤ ውስጡ ያለውን ዛንቴት በ301 ናኖሜትር እየለኩ ከአዲሱ መጠን ይቀንሱ። ውሃዎ በሙሉ ተመላሽ ሆኖ በሊትር 5 ሚሊግራም ከያዘ፣ ያ በቶን ማዕድን ከ11 ግራም በላይ ፓክስ ስለሆነ በቶን 30 ግራም የነበረው ዶዝ ወደ 18 ይወርዳል።